ጥሩ አለቃዬን ትቼ ልሂድ? መልቀቂያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው

ሰኔ_ሠላሳ፦ ግንቦት 10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንባቢ ነኝ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨንቆኛል።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ፣ አንድ የግል አስመጪ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ያልተጣራ ደመወዜ 38,000 ነው። ባለፈው ሳምንት ከሌላ ድርጅት 62,000 ቀረበልኝ። ሲኒየር የሚል ማዕረግም አለው። ለቤቴ ይቀርባል፣ ከሦስት ታክሲ ወደ አንድ ታክሲ መውረዴ ነው። "ታዲያ ምኑ ያስጨንቃል?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እንደዚያ ነበር የምለው።

ያስጨነቁኝ አለቃዬ ናቸው። የፋይናንስ ኃላፊያችን፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት። እዚህ ስገባ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ከፍቼ አላውቅም ነበር፣ ግቢ የተማርነው በወረቀት ነው። አጠገባቸው ወንበር አስቀምጠው ሁለት ወር ሙሉ አስተማሩኝ። አይጮሁም። ስህተት ሲያዩ በእርሳስ ትንሽ ክብ ያደርጉበትና ወረቀቱን ይመልሱልኛል። ምን እንደሆነ አይነግሩኝም። ራሴ እስካገኘው ድረስ ወረቀቱ ሲመላለስ ይውላል። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር፣ አሁን ግን ሥራውን ያወቅኩት በዚያ ክብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ኩላሊቷን ታማ በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ነበራት። ሰባት ወር። በነዚያ ቀኖች ከቀኑ 7 ሰዓት ስወጣ አንድም ቀን ፈቃድ ሙይ ብለውኝ አያውቁም፣ የኔን ሥራ እሳቸው እያመሹ ይሠሩት ነበር። ይህን ያወቅኩት ከጥበቃው ነው እንጂ እሳቸው ትንፍሽ አላሉም። እናቴ ስታርፍ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል።

አዲሶቹ ደግሞ ሰኔ 15 ግቢ ብለውኛል። የሒሳብ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ይይዛል። ሰኔ 30 የዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ ነው፣ የመጋዘን ቆጠራ አለ፣ ከዚያ ኦዲት፣ ከዚያ እስከ ጥቅምት 30 ግብር ማሳወቅ። ክፍላችን ውስጥ ያለነው ደግሞ እሳቸው፣ እኔ እና ገና ስምንት ወር ያልሞላው ልጅ ብቻ ነን።

ደብዳቤውን ጽፌ ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እየዞርኩ ነው። ጠዋት ጠዋት ለኔም ቡና ሲያዙልኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ላድርግ?

የካዛንቺስ_ልጅ፦ ግንቦት 10

ሂጂ። አለቀ። ይሉኝታ የቤት ኪራይ አይከፍልም። በዚህ ኑሮ 24 ሺህ ጭማሪ አግኝታ የምታስብ ሰው አንቺን አየሁ። ሴትየዋ ጥሩ ሰው ከሆኑ ደስ ይላቸዋል፣ ካልሆኑ ደግሞ ጥሩ አልነበሩም ማለት ነው።

ቫቱን_ጨምሩ፦ ግንቦት 10

ወንድሜ 24 ሺህ አትበል፣ እኛን የሙያውን ሰዎች ያመናል። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ሁሉ ላይ 35 በመቶ ግብር አለ። እሷ ድሮም ከዚያ በላይ ስለሆነች ጭማሪው በሙሉ 35 ይቆረጥበታል፣ 8,400 ሄደ። የሠራተኛ ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,680 ሄደ። እጇ ላይ የሚደርሰው 13,920 ብር ነው።

አሁንም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ሰው ሲወስን በ13,920 ይወስን እንጂ በ24,000 አይወስን። አሁን ያለሽበት ምሳ አለ? ሰርቪስ አለ? ካለ እሱንም ቀንሺ። እህቴ የሒሳብ ሰው ሆነሽ ይህን ሳትሠሪ መጨነቅሽ ነው የገረመኝ፣ ለራስ ሲሆን ካልኩሌተሩ ይጠፋል መሰለኝ።

ጠጅ_ሳር፦ ግንቦት 10

እኔ ሌላ ልንገርሽ። የዛሬ አራት ዓመት ልክ እንዳንቺ ጥሩ አለቃ ነበረኝ፣ በገንዘብ ብዬ ወጣሁ። አዲሱ አለቃዬ ማታ 4 ሰዓት ይደውላል። ካላነሳሁ በቴሌግራም ነጥብ ይልካል። ሌላ ቃል የለውም፣ ነጥብ ብቻ "." እንዲህ። የዚያች ነጥብ ድምፅ እስካሁን ስልኬ ላይ ስትጮህ ሆዴ ይገለባበጣል። በ11ኛው ወር ሌላ ሥራ ሳላገኝ ወጣሁ። ደመወዝ በወር አንዴ ነው የሚመጣው እኮ፣ አለቃ ግን በየቀኑ ነው።

አትሂጂ እያልኩሽ አይደለም። የምትሄጂበትን ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀሻል? ከአንቺ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ? እሱን ፈልገሽ ቡና ጋብዢው።

የኮንትራት_ጋሼ፦ ግንቦት 11

ልጄ፣ ብዙ ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ስለሠራሁ የሕጉን ነገር ልንገርሽ፣ የልቡን ነገር ሌሎቹ ይንገሩሽ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011 ማለቴ ነው፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ ሰኔ 15 እዚያ ለመግባት ደብዳቤሽ እስከ ግንቦት 15 ገብቶ መፈረም አለበት። ቦርሳሽ ውስጥ የሚቆጠር ቀን የለም። ሳያስጠነቅቅ የወጣ ሰው እስከ 30 ቀን ደመወዙ ካሳ ሊከፍል ይችላል። "ቀሪ ክፍያዬን ትቼ እጠፋለሁ" የሚሉ ልጆች አሉ፣ በኋላ የሥራ ልምድና ክሊራንስ ሲፈልጉ ተመልሰው ደጅ ይጠናሉ።

ሁለተኛ፣ አምስት ዓመት ስለሞላሽ በፈቃድሽ ብትለቂም የሥራ ስንብት ክፍያ ጠይቂ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። በ38,000 ስድስት ዓመት ከሆነ ግብሩ ሳይቆረጥ 101 ሺህ አካባቢ ነው። ይህ ግን ድርጅቱ ስልጠና ከፍሎልሽ "ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ" ብለሽ ከፈረምሽ ይበላሻል። ፈርመሻል እንዴ? ያልወሰድሽውን የዓመት ፈቃድም ቁጠሪ፣ በገንዘብ ይከፈልሻል።

ሦስተኛ፣ እና ዋናው። አዲሱ ቦታ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሊያስገባሽ ይችላል። በዚያ ጊዜ "አልተስማማሽንም" ብለው ያለ ማስጠንቀቂያ ቢሸኙሽ የምታቀርቢው ክርክር የለም። ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት እጅሽ ሳይገባ የአሮጌውን በር እንዳትዘጊ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ሰኔ_ሠላሳ፦ ግንቦት 11

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስንብቱን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም። ስልጠና ነበረ፣ የአይኤፍአርኤስ (የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) ኮርስ፣ እሱንም ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተከራክረው ያስከፈሉልኝ አለቃዬ ናቸው (ይኸው ደግሞ)። የሁለት ዓመት ግዴታ ፈርሜ ነበር፣ ባለፈው ጥር አለቀ።

ማኅተም ያለበት ወረቀት አለኝ። ስጨነቅ ከርሜ በደንብ አላነበብኩትም መሰለኝ፣ 62ን ካየሁ በኋላ ዓይኔ ሌላ አላየም።

ዲቪ_የዘለለኝ፦ ግንቦት 11

እኔ ለጥሩ አለቃ ብዬ የቀረሁ ሰው ነኝ፣ ታሪኬን ስሙ። ባንክ ነበር የምሠራው። ሌላ ባንክ በተሻለ ደረጃ ጠራኝ፣ አለቃዬን ሳስበው ሆዴ ባባና እምቢ አልኩ። ነገርኩትም፣ አቅፎኝ "ወንድሜ ነህ" አለኝ። ከአራት ወር በኋላ ዲቪ ደርሶት ሄደ። ለካ እኔ እምቢ ስል እሱ የኤምባሲ ቀጠሮውን ይዞ ነበር!

አልፈርድበትም። የሱም እንጀራ ነው፣ ቪዛ ደግሞ እስኪመታ አይወራም። ግን አስቡት፣ እኔ ለሱ ብዬ ቀረሁ፣ እሱ ለልጆቹ ብሎ ሄደ። በሱ ቦታ የመጣውን ሰው አልነግራችሁም።

የካዛንቺስ_ልጅ፦ ግንቦት 11

ይኸው! እኔስ ምን አልኩ። ሀ ራስህን አድን።

እኔም_አለቃ_ነኝ፦ ግንቦት 11

ከወንበሩ በዚያኛው በኩል ያለሁ ሰው ነኝ፣ 14 ሰዎች በሥሬ አሉ። ባለፉት ዓመታት ብዙ ልጆች ለቀውብኛል። ሁሉም አላስከፉኝም። የሚከፋኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ከኔ በፊት የሰው ኃይል ክፍል ሲሰማ። አንዷ ነበረች፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት ማለት እችላለሁ፣ መልቀቋን የሰማሁት ከካፌው አስተናጋጅ ነው። የመሰነባበቻ ኬክ አዘው ነበርና። አስቢው፣ አስተናጋጁ "ለእርስዎም እንቁረጥ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ስለዚህ ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ገብተሽ በቃልሽ ንገሪያቸው። በር ዝጊ። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ፣ "አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር" ብለሽ አትጀምሪ፣ ከወሰንሽ ምክር አይደለም። "ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሄድ ነው፣ መጀመሪያ እርስዎ እንዲሰሙ ነው" በቃ። ደመወዝ ለማስጨመር ከሆነ የምትገቢው ግን ተዪው። በጥሩ አለቃ አይቆመርም። ለአንቺ ብለው ሥራ አስኪያጁን ተጣልተው ካስጨመሩልሽ በኋላ ብትሄጂ ያን ጊዜ ነው ውለታ ቢስ የምትሆኚው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ዕዳ ያለብሽ ለሴትየዋ ነው እንጂ ለድርጅቱ አይደለም። እነዚህን ሁለቱን አትቀላቅዪ። እናትሽ ስትታመም ያመሸው ድርጅቱ አይደለም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ ግንቦት 12

ሰላም ከሜሪላንድ። እዚህ እንዲህ አይወራም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ኢሜይል ትጽፊያለሽ፣ እሱም ልማድ ነው እንጂ ሕግ አያስገድድሽም። እነሱም ሲያሰናብቱሽ ዕቃሽን በካርቶን ይዘሽ በዚያው ቀን ነው የምትወጪው። ስሜት ውስጥ ባትገቡ ጥሩ ነው።

ጠጅ_ሳር፦ ግንቦት 12

ሲልቨር፣ ሦስት ቀን ለቅሶ የተቀመጠን ሰው በኢሜይል ነው እንዴ የምትሰናበተው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ ግንቦት 12

እሺ እሱስ ልክ ነሽ። እኔ እዚህ ያለውን ነው የነገርኳችሁ።

ቫቱን_ጨምሩ፦ ግንቦት 12

ስለ ሰኔ 15 አንድ ነገር ታየኝ። አዲሶቹ ለምን ሰኔ 15 አሉሽ? እነሱም ሰኔ 30 ይዘጋሉ እኮ! ለመዝጊያ ሰው ስላጠራቸው ነው። ማለት፣ እነሱም ከአለቃሽ እኩል ተቸግረዋል። ስለዚህ ለድርድር ክፍተት አለሽ። ሐምሌ 1 ብትያቸው እምቢ ይሉሻል፣ ዓላማቸው እሱ አይደለምና። አንድ ሳምንት ግን ይሰጡሻል። እምቢ ካሉም ስለነሱ አንድ ነገር አወቅሽ ማለት ነው።

ሰኔ_ሠላሳ፦ ግንቦት 16

ይቅርታ ጠፋሁ። ነገርኳቸው። ረዘም ያለ ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ገባሁ። እኔም_አለቃ_ነኝ እንዳለው በር ዘጋሁ። በር ስዘጋ ራሱ ገባቸው መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሥራ አግኝቻለሁ፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ልንገር ብዬ ነው" አልኩ፣ ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ዝም አሉ። ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን የባንክ ማመሳከሪያ ገለበጡት፣ መልሰው አቀኑት። ከዚያ "መቼ?" አሉ። ሰኔ 15 ስል ፊታቸው ተለወጠ። "በሰኔ?" አሉ ብቻ። አንድም ሌላ ነገር ሳይናገሩ "እሺ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ።

ሐሙስ ቡና አላዘዙልኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቡና ያዘዙልኝ ሰው ናቸው። አስተናጋጇ አንድ ስኒ ብቻ ይዛ ስትገባ አየኋት። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም።

ዓርብ ጠዋት ጠሩኝ። "ወረቀቱን አምጪው" አሉኝ። መልቀቂያውን መስሎኝ አወጣሁ። "ይህን አይደለም፣ እነሱ የሰጡሽን።" ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እንደ ቫውቸር አነበቡት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ገጽ ገልብጠውም። ከዚያ እርሳስ አነሱ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ቦታ ክብ አደረጉና መለሱልኝ። ምንም አላሉም።

እኔም እንደ ድሮው ቆሜ አፈጠጥኩ። ለካ መነሻ ደመወዙ 38,000 ነው! ያው አሁን ያለኝ። ቀሪው 24,000 በሙሉ "ልዩ ልዩ አበል" ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ከሥሩም "በድርጅቱ ውሳኔ ሊሻሻል ይችላል" የምትል መስመር አለች። ከመልቀቂያው ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር አላየሁትም። ቫቱን_ጨምሩ፣ ያንተም ስሌት ተሳስቷል ማለት ነው፣ አበል ላይ ጡረታ ስለማይቆረጥ እጄ ላይ የሚደርሰው 15,600 ነበር። ከላይ ሲታይ የተሻለ ይመስላል። ግን ጡረታዬም፣ ስንብቴም፣ የትርፍ ሰዓቴም የሚታሰበው በመነሻው ነው፣ አበሉን ደግሞ በፈለጉ ቀን ሊያነሱት ነው።

"እንግዲህ ይህን ሳታስተካክዪ ብትሄጂ እኔ ነኝ ያላስተማርኩሽ" አሉኝ። ፈገግ አላሉም።

በዚያው ቀን ለአዲሶቹ ደወልኩ። መጀመሪያ "የድርጅቱ አሠራር ነው" አሉ። መነሻው ሲጨምር እነሱም 11 በመቶ ጡረታ ስለሚጨምሩ እንደማይወዱት ገባኝ። ካልተስተካከለ አልመጣም አልኩ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። ቅዳሜ ጠዋት መልሰው ደወሉ። መነሻ 52,000፣ አበል 10,000፣ ያቺ መስመርም ወጣች። በወር 980 ብር ለጡረታ ተጨማሪ ይቆረጥብኛል፣ ይቆረጥ። የመግቢያዬም ቀን ሰኔ 22 ሆነ፣ አንድ ሳምንት ሰጡኝ፣ ልክ እንደተባለው።

የመጋዘን ቆጠራውን አለቃዬ ወደ ቅዳሜ ሰኔ 20 አመጡት። ቀድመን ቆጥረን እስከ ሰኔ 30 የገባ የወጣው በወረቀት ይሰላል፣ ኦዲተሮቹንም ጠይቀው እሺ ብለዋል። ቃሊቲ መጋዘን አቧራው ውስጥ እኔና ያ ልጅ ነን የምንቆጥረው። የመጨረሻ ቀኔ እሱ ነው። ደብዳቤውን ዓርብ ከሰዓት ፈረሙልኝ፣ 30 ቀኑ ሰኔ 14 ቢሞላም እኔ እስከ 20 እቆያለሁ ብያለሁ።

ቅርታቸው ግን አልወጣም። ያወሩኛል፣ ያሠሩኛል፣ ቡናውም ተመልሷል፣ ግን የሆነ ነገር ጎድሏል። እሱን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

እኔም_አለቃ_ነኝ፦ ግንቦት 16

ምንም አታድርጊው። ተዪው ይከፋቸው። የሰው ልጅ ናቸው፣ ሰኔ ላይ ሰው ጎድሎባቸዋል፣ ልጃቸው ሄዳባቸዋለች። ቶሎ "ይቅር ብያለሁ" እንዲሉሽ አትጠብቂ፣ ያን ከጠበቅሽ ለራስሽ እረፍት ነው የምትፈልጊው። ርክክቡን ጥርት አድርገሽ ሥሪ። የይለፍ ቃሎቹን፣ በየወሩ ምን በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ የትኛው ደንበኛ ደረሰኝ እንደሚያዘገይ፣ ሁሉንም በወረቀት። በመስቀል ደውዪ፣ በገና ደውዪ።

የካዛንቺስ_ልጅ፦ ግንቦት 16

እኔ ግን ሴትየዋ ከገመትኳቸው በላይ ናቸው። ሐሙስ ቡና ነፍገው ዓርብ ኦፈር የሚያርሙ አለቃ የት ይገኛል? "አለቀ" ያልኩትን አንስቻለሁ። ሂጂ ያልኩትን ግን አላነሳም።

ጠጅ_ሳር፦ ግንቦት 17

እኔ ብሆን እንዲህ ዓይነት ሰው ትቼ አልሄድም ነበር፣ ይህን ብዬ ልለፍ። እዚያ ቤት ነጥብ የሚልክ ሰው እንዳይጠብቅሽ እንጂ። ያ ከአንቺ በፊት የነበረው ሰውዬስ? አገኘሽው?

ሰኔ_ሠላሳ፦ ግንቦት 17

አገኘኋት፣ ሴት ናት። ወልዳ ነው የወጣችው፣ ልጁን የሚይዝላት ሰው አጥታ። አለቃው "ዝምተኛ ነው፣ ማታ ግን አይደውልም" አለችኝ። ይበቃኛል።

የኮንትራት_ጋሼ፦ ግንቦት 17

ጎሽ። የስንብቱን ክፍያ በጽሑፍ ጠይቂ፣ በቃል አይደለም። ውሉ ካለቀ በኋላ ክፍያሽ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። የሥራ ልምዱ ላይ የሥራ መደብሽ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆመሽ አንብቢ፣ ቤት ከገባሽ በኋላ አይደለም። ዘንድሮ ወረቀት ሳታነቢ ያስቸገርሽን ይበቃል።

አዲስ_ተመራቂ፦ ግንቦት 18

ይቅርታ በመሃል ልግባና፣ ያንቺ ቦታ ታዲያ ክፍት ነው ማለት ነው? ሲቪዬን ለማን ልስጥ? ፒችትሪ በወረቀት ተምሬያለሁ 😅

ሰኔ_ሠላሳ፦ ግንቦት 18

😂 ማስታወቂያው በዚህ ሳምንት ይወጣል፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ፒችትሪውን ያስተምሩሻል። ወረቀት በክብ ተከብቦ ሲመለስልሽ ግን "ምኑ ነው የተሳሳተው?" ብለሽ እንዳትጠይቂያቸው፣ አይነግሩሽም።